ለአንድ ሰው ያስተካከልሁት መብራት

ውድ ስጦታው፣

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። ደውዬ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። አንተ ገና "አቤት እህቴ" ስትል የያዝሁት ነገር ሁሉ ከአፌ ይጠፋል። አንድ ቀን ስለ ባትሪህ ጠይቄህ ዘጋሁ። አንድ ቀን "በስህተት ነው የደወልሁት" አልሁህ። በሦስተኛው ስለ ዶሮ በሽታ ነበር ያወራነው፤ እኔ አንዲት ዶሮ እንኳ የለኝም። ወረቀት ግን "እህቴ" አይለኝም፤ እሱ ላይ እንደ ልቤ ልናገር።

የእህትነቱን ነገር መጀመሪያ ልጨርሰው፤ አለዚያ ሌላውን መጻፍ አልችልም። ከየት አምጥተኸው ነው? እናትህ አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ እሷም ደብረ ማርቆስ አግብታ ተቀምጣለች። እኔ የሬዲዮ ጠጋኙ የፈረደ ልጅ ነኝ። ቢቸና መናኸሪያው ጀርባ የሞተር መብራት እሠራለሁ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ካንተ ጋር እስከ ሰባት ቤት ቢቆጠር አንገናኝም። ሞጣ ላይ "እህቴ ትርሲት" ብለህ ለአርሴማ ስታስተዋውቀኝ ካቻቪቴ በእጄ ይዤ ነበር። እግዜር ነው የጠበቀህ።

እንግዲህ ይህ የቅናት ደብዳቤ ነው። ዞር ዞር አልልም። ቀናሁ፤ ቅናቴ ሰው ጎዳ፤ ጥፋቱን ደግሞ አንተ የራስህ መስሎህ ተሸክመኸው ትዞራለህ። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርህ።

ወደ ሱቄ መጀመሪያ የመጣኸው የዛሬ አራት ዓመት በክረምት ነው። አዲስ የተመደብህ የከብት ሐኪም ነበርህ። አንድ ገበሬ ላሙ ምጥ ጠንቶባት በማታ ደውሎልህ ስትበር ሄደህ፣ የሞተርህ መብራት ከፊት ጎማው አልፎ አላሳይ ብሎህ ቦይ ውስጥ ገብተሃል። በማግስቱ እስከ አንገትህ ጭቃ ሆነህ ሱቄ በር ላይ ቆምህ። ጎረቤቴ እትዬ ይርጋነሽ ከሻይ ቤታቸው ብቅ ብለው "ምነው ልጄ፣ በሬ ነው እንዴ የጎተተህ?" ሲሉህ ሳቅህ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረህ "ላሟ ሳልደርስላት ሞተች። እባክሽ መብራት ሥሪልኝ" አልህ። ሌላው ሰው ሞተሩ ቦይ ሲገባበት ስለ ሞተሩ ነው የሚያማርረው። አንተ ያዘንኸው ለላሟ ነበር። እኔም ጉድ የሆንሁት ያን ጊዜ ነው።

ያን ቀን የሠራሁልህን ታውቀዋለህ። ከፋብሪካው የመጣው ሽቦ ቀጭን ስለነበር ኃይሉ አምፖሉ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይደክማል። እሱን ትቼ ከባትሪው ወፍራም ሽቦ ሳብሁልህ፣ ፊውዝ አስገባሁ፣ መጋጠሚያውን በቀለጠ ስታኞ አጣብቄ ናስትሮ ጠቀለልሁበት። አንተ አጠገቤ ቁጢጥ ብለህ የእጅ ባትሪ እያበራህልኝ ነበር። ትኩር ብለህ የምታየው ሽቦውን ነው እንጂ እኔን እንዳልነበር አሁን ገብቶኛል።

ከዚያ ወዲህ ከገጠር በተመለስህ ቁጥር ሱቄ በር ላይ ሳትቆም አታልፍም። በጥቅምት የባቄላ እሸት፣ በታኅሣሥ የሽምብራ እሸት ከሞተርህ ኋላ አስረህ ታመጣልኛለህ። እኔ ሞኟ እሸቱን እየፈለፈልሁ ስንቱን አሰብሁ መሰለህ! እትዬ ይርጋነሽም አላረፉም። "አንቺ ልጅ፣ የዚህ ልጅ መብራት በየሳምንቱ ነው እንዴ የሚበላሸው?" እያሉ ያሾፉብኛል። "ተዉኝ እትዬ" እላለሁ፤ ልባቸው አውቋል፣ የኔም ልብ አውቋል፤ ያላወቅኸው አንተ ብቻ ነህ። እኔም አልነገርሁህም። እሱ ይንገረኝ እንጂ እኔ ምን በወጣኝ ብዬ አራት ዓመት ሙሉ ኮርቼ ተቀመጥሁ።

ባለፈው ኅዳር ከባሕር ዳር የገዛኸውን አዲሱን ኤልኢዲ መብራትና ሁለት ትንንሽ የጎን መብራቶች በካርቶን ይዘህ መጣህ። "ትርሲትዬ፣ ሌሊቱን ቀን አድርጊልኝ" አልህ።

"ምነው፣ ላሞቹ ሁሉ በማታ መውለድ ጀመሩ እንዴ?" አልሁህ።

"ሞጣ መመላለስ አብዝቻለሁ። ዓርብ ከሥራ ወጥቼ ነው የምነሣው። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ደግሞ ታውቂው የለ፣ ድቅድቅ ነው።"

ሞጣ ምን ትሠራለህ ብዬ አልጠየቅሁህም። ከመቀመጫው ኋላ የታሰረውን ሄልሜት አይቼው ነበር። ላስቲኩ ገና ያልተቀደደ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ላንተ ራስ የማይገባ ሄልሜት።

"ይሄ ደግሞ የማን ነው?" አልሁህ።

"የሰው ነው።"

"ሰው ስም የለውም?"

አንገትህን ደፍተህ ፈገግ አልህ። አራት ዓመት ሳውቅህ እንዲያ ያለ ፈገግታ ፊትህ ላይ አይቼ አላውቅም። "አርሴማ ትባላለች። ሞጣ ፊዚክስ ታስተምራለች። ሳስተዋውቅሽ ትወጃታለሽ" አልህ።

እወዳታለሁ! ደግሞ ይኼ ቀረኝ? አንተ ሻይ ልትጠጣ እትዬ ይርጋነሽ ጋ ስትገባ ሄልሜቱን ፈትቼ ራሴ ላይ ደፋሁት። ጠበበኝ። ጆሮዬን እየላጠው ነው የወጣ። ራሷ ቢጢቆ ነው ማለት ነው ብዬ ተጽናናሁ። ከዚያ ፀጉሬን አስተካክዬ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራዬን ቀጠልሁ። እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ የማላውቅ፣ ሰው ሲያደርግ ባይ የምስቅ ሴት ነበርሁ።

ሥራውን ግን አላበላሸሁትም፤ ይህን እወቅልኝ። አዲሱን መብራት ስገጥም ሽቦው መሪው ሲዞር እንዳይቆረጥ አድርጌ ነው ያሰርሁት። የጎን መብራቶቹን ለየብቻቸው ማብሪያ አወጣሁላቸው። ውሃ እንዳይገባባቸው አፋቸውን በማስቲሽ ደፈንሁ። እያንዳንዷን ብሎን ያጠበቅኋት ተናድጄ ነው፤ ስለዚህ እስካሁን አንዲቷም አልላላችም።

የቀረው ማስተካከሉ ነበር። መብራት መግጠም የሥራው ግማሽ ነው። ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ካልተስተካከለ ኤልኢዲም ሆነ ኩራዝ አንድ ነው። እኔ እንዴት እንደማስተካክል ቢቸና ያውቃል። ፀሐይ ስትገባ ሞተሩን ከእህል መጋዘኑ ነጭ ግድግዳ አሥር እርምጃ አርቄ አቆማለሁ። የመብራቱን ቁመት ግድግዳው ላይ በጠመኔ አሰምራለሁ። ባለሞተሩን "ተቀመጥ" እልና ቅርቡን የሚያሳየው አጭር መብራት ከመስመሩ በታች እስኪያርፍ ድረስ ብሎኗን አዞራለሁ። ባለሞተሩ ሰው የሚጭን ከሆነ ደግሞ ከኋላው ሰው መቀመጥ አለበት፤ ምክንያቱም ከኋላ ሰው ሲቀመጥ የኋላው ሞላ ይረገጥና የሞተሩ ፊት ይነሣል፤ መብራቱም መንገዱን ትቶ ወደ ላይ ይሄዳል። ለዚህ እትዬ ይርጋነሽ አሉልኝ። ቢቸና ውስጥ እሳቸውን ከኋላው ያላስቀመጠ ባለሞተር የለም። ሽርጣቸውን ይፈቱና "ቀስ በል አንተ፣ እኔ ሚዛን ነኝ እንጂ ሙሽራ አይደለሁም" እያሉ ይወጣሉ፤ ሰፈሩም ይስቃል።

ያን ቀንም ብርጭቆ ማጠቡን ትተው መጡ። አንተ ሞተርህ ላይ ተቀምጠህ በስልክ ታወራ ነበር። ማን እንደደወለልህ ከድምፅህ አወቅሁ። እትዬ ይርጋነሽ እጃቸውን እየጠረጉ "ልውጣ?" አሉኝ።

"ግድ የለም እትዬ" አልሁ። "ብቻውን ነው የሚሄደው።"

ሄልሜቱን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። "ያስ?"

"መለዋወጫ ነው።"

"ሄልሜት መለዋወጫ አለው እንዴ?"

"አለው እትዬ!" ብዬ ጮኽሁባቸው። በሕይወቴ ጮኼባቸው አላውቅም። ወደ ብርጭቆአቸው ተመለሱ። አንተ በስልክ ትስቅ ነበር፤ አንዱንም አልሰማህም። እኔ ብሎኗን አዞርሁ፤ ብርሃኑ መስመሩ ላይ ቆንጆ ሆኖ አረፈ፤ ለአንድ ሰው።

ረስቼው ነው ብዬ ራሴን ላታልል ብዙ ደክሜአለሁ። አልረሳሁም። እንድትወድቁ ፈልጌም አይደለም፤ ይህን በእናቴ አፅም እምልልሃለሁ። አደጋ የሚባለው ነገር ጨርሶ አልታየኝም። የታየኝ እሷ ካንተ ኋላ ተቀምጣ እጇን ወገብህ ላይ ስታደርግ ነው። እሷን ይቅርና በሷ ፈንታ እትዬ ይርጋነሽ እንኳ ሲቀመጡ ማየት አልቻልሁም። ብቻህን ትሄዳለህ ብዬ ካልሁ ብቻህን የምትሄድ መሰለኝ። ሰው ሲቀና እንዲህ ይደነቁራል።

ሁለት ወር ያህል ብቻህን ስትሄድ መብራቱ ሠራልህ። "ጉድ እኮ ነው ትርሲት፣ ቀን ነው የሆነልኝ" እያልህ አመሰገንኸኝ። ከዚያ በጥር፣ አርሴማን ከእናትህ ጋር ልታስተዋውቅ ወደ ቢቸና ይዘሃት ስትመጣ፣ ትምህርት ቤቷ ስብሰባ ይዟት መሽቶባችሁ ተነሣችሁ። የሆነውን ከሞጣ ሆስፒታል ደውለህ የነገርኸኝ አንተ ነህ። አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፎ ቆሞ ኖሯል። ሹፌሩ ሲሄድ ድንጋዩን መንገዱ ላይ ትቶት ሄዷል። አንተ አላየኸውም፤ ወጣህበት። አንተ ክንድህ ተላጠ፤ የአርሴማ ቀኝ እጅ አንጓው ላይ ተሰበረ። ከኋላ የመጣ አይሱዙ እናንተንም ሞተሩንም ጭኖ ወደ ሞጣ መለሳችሁ።

"መብራቱስ?" አልሁህ።

"መብራትሽን እንዳትጠረጥሪ" አልህ። "እንዲያውም ያን ቀን ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ነበር። ዛፍ ላይ ያለች ወፍ እንኳ ትታየኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፈጥኛለሁ።"

"በስንት ነበር የምትነዳ?"

"በሠላሳ።"

ስልኩን ዘግቼ ሱቄ ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። በሠላሳ የሚነዳ ሰው ፈጠንሁ ይላል? ወፏ ምን ልታደርግልህ ነው? ዛፉን ስታይ መንገዱን የት አስቀመጥኸው? አንተ ስለ መብራት አታውቅም፤ እኔ አውቃለሁ፤ አፌ ግን ተለጎመ።

የባሰው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በየካቲት መጀመሪያ ወደ አርሴማ አባት ወደ የኔታ አካለ ወልድ ሦስት ሽማግሌ ላክህ። ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቃላቸውን አንድ ጊዜ ነው የሚናገሩት። "ፊቱ ያለውን ድንጋይ ያላየ ሰው ልጄን ወዴት ሊመራልኝ ነው?" ብለው ሽማግሌዎቹን መለሷቸው። ሽማግሌዎቹ ምን እንመልስላቸው ቢሉህ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ እውነታቸውን ነው" አልሃቸው። ይህን የሰማሁት ከራስህ ነው። ሱቄ መጥተህ የባትሪ ሳጥኑ ላይ ተቀምጠህ ነገርኸኝ።

ደስ አለኝ፣ ስጦታው። ይኸው ጻፍሁት። አንተ ፊትህን በእጅህ ይዘህ ስትቀመጥ እኔ ውስጤ እልል አለ። ያን ቀን እያንጎራጎርሁ ሦስት ሞተር ሠራሁ። በማግስቱ ሹሩባ ተሠራሁ። እትዬ ይርጋነሽ "ምን አግኝተሽ ነው?" ቢሉኝ "ምንም" አልሁ፤ ከንፈሬ ግን አልሰበሰብ አለኝ። እሳቸው አልሳቁም። "እኔ ያን ቀን መቀመጥ ነበረብኝ" ብለው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ቢልኩልኝም አጠገቤ መጥተው አልተቀመጡም።

አንተ ደግሞ በየቀኑ መምጣት ጀመርህ። የምትሄድበት ስላጣህ ነው እንጂ እኔን ብለህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም መጣህ። ያንን ሳጥን በጨርቅ አለበስሁልህ። ትንሽ ዝም ካልሁ፣ ወር ሁለት ወር ከታገሥሁ፣ ሞጣ ይረሳል፣ አራቱ ዓመት ዋጋ ያገኛል ብዬ አሰላሁ። ሆዴ ውስጥ ያለውን እውነት ካልተነፈስሁ አንተ የኔ ልትሆን ትችል ነበር። አሁንም ይህን ወረቀት ቀድጄ ብጥለው ሳትችል አትቀርም።

እንዲያ ሳስብ ነው "ሞተሩ ሞጣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ቆሟል፤ መብራቱ ተሰብሯል፤ መጥተሽ ሥሪልኝ፣ እህቴ" ያልኸኝ። ባለፈው እሑድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድሁ። ለሥራ ነው አልሁ። ውሸቴን ነው፤ እሷን ላያት ነው የሄድሁት። መንገዱን ሙሉ አስቀያሚ ሳደርጋት ነበር። ደብረ ወርቅ ስንደርስ አፍንጫዋን አጣመምሁት። ሞጣ ስንገባ ኩራተኛ አደረግኋት።

አልሆነችልኝም። ጀሶ ያለበትን እጇን በነጠላዋ አንገቷ ላይ አስራ መጣች። በግራ እጇ በርጩማ ይዛልኝ፣ "መሬት ላይ አትቀመጪ፣ ይበርድሻል" አለችኝ። እጄን በግሪስ ሳበላሽ ውሃ አቀረበችልኝ። የክፍሏ መስኮት ክፍት ነበር፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አየሁት። በግራ እጇ የጻፈችው ነው። መስመሩ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ፊደሉ ይንጋደዳል፤ ግን ሰሌዳውን ሞልታዋለች። ትምህርት አላስተጓጎለችም። ያን ሳይ አፈርሁ። አፍሬም ቢሆን ቀናሁባት። እኔ እጄ ቢሰበር ሱቄን ዘግቼ ሳለቅስ ነበር የምትደርስብኝ።

መብራቱን ቀየርሁ፤ ማስተካከያ ብሎኗን ግን አልነካኋትም። ሲመሽ ሞተሩን በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ፊት አቆምነው። አንተ ወጥተህ ተቀመጥህና "ይበቃል?" አልህ። ብርሃኑ ቢቸና እንዳስተካከልሁት ዝቅ ብሎ አረፈ። እንዲሁ ትቼ ልጨርሰው ቃጥቶኝ ነበር። ምላሴን ነከስሁና "አርሴማም ትውጣ" አልሁ።

ወጣች። ብርሃኑ ከግድግዳው ተነሥቶ ጣሪያውን አልፎ የባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ሄዶ ተሰቀለ። አንተ "እንዴ! ወፏን ያየሁት እንዲህ ነበር" ብለህ ሳቅህ። አርሴማ አልሳቀችም። ቅርንጫፉን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ እኔን አየችኝ።

እኔ ተንበርክኬ ብሎኗን መፍታት ጀመርሁ። እሷ እኔን አፍራ ከኋላህ ራቅ ብላ ነበር የተቀመጠችው። እንዲያ ሆና ከተስተካከለ ልክ አይመጣም። "መንገድ ላይ እንደምትቀመጪው ሁኚ" አልኋት። ትንሽ ጠጋ አለች። "ጠጋ በይ እንጂ፤ እንደዚህ ነው የምትቀመጪው?" አልኋት። ደረቷን ጀርባህ ላይ አሳረፈች፣ ደህና እጇን ወገብህ ላይ አደረገች። ያንን እንዳላይ ነበር ይህ ሁሉ መዘዝ የመጣው። አሁን ራሴ አዝዤ አስደርጌው፣ መብራት እየተቆጣጠርሁ ስንት ደቂቃ አየሁት። ያን ቀን ፊቴን ብታይ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ። አንተ ግን "እህቴ ጎበዝ ናት እኮ" እያልህ ለእሷ ታስረዳ ነበር።

አንተ ናስትሮ ልትገዛ ስትወጣ ሁለታችን ቀረን። እሷ ነች የጀመረችው።

"ቢቸና ስታስተካክይው ብቻውን ነበር የተቀመጠው?"

"አዎ።"

"ሁልጊዜ እንዲያ ነው የምትሠሪ?"

መዋሸት እችል ነበር። የፊዚክስ መምህርት ፊት ስለ ሞላ ምን ብዬ ልዋሽ? "አይ። ሰው የሚጭን ከሆነ ሁልጊዜ ሁለት አስቀምጣለሁ" አልኋት።

"ሄልሜቴን አላየሽውም ነበር?"

"አድርጌውም ነበር።"

ዓይኗን አፈጠጠች። "ልክሽ ሆነ?"

"ጠበበኝ።"

ሳቋ አምልጧት ወጣ፤ ወዲያው እጇን አመማትና ጨበጥ አድርጋ ያዘችው። ቆይታ "እሱ አያውቅም አይደል?" አለችኝ። ስለ ብሎኗ ይሁን ስለ ልቤ አልጠየቅኋትም፤ ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው። "አያውቅም" አልሁ።

"እኔም አልነግረውም። ለአባቴም አልነግራቸውም። ያንቺን ነገር ሽማግሌ ፊት አውጥቼ አልጥልም።"

"አባትሽ እንቢ ካሉስ?"

"ይቆዩ እንጂ ይለዝባሉ።"

"ባይለዝቡስ?"

ጀሶዋን በነጠላዋ ሸፈነች። አንተ በር ላይ ደረስህ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እንባዬ ወረደ፤ የንዴት እንባ። ብትሰድበኝ ምናለ? "እጄን ሰበርሽኝ፣ ትዳሬን አፈረስሽብኝ" ብትለኝ እኔም እመልስላት ነበር፣ ተጣልተን እንገላገል ነበር። እሷ ግን ትዳሯን አስይዛ የኔን ስም ልትሸፍን! በመልክ በለጠችኝ፣ በትምህርት በለጠችኝ፣ አንተን ወሰደች፤ አሁን ደግሞ በደግነት ልትበልጠኝ ነው። ይቺንስ አልሰጣትም። ይህን የምጽፍልህ ደግ ስለሆንሁ እንዳይመስልህ። እሷ ዝም ብላልኝ ኖራ፣ እኔ እዚህ ሳጥን በጨርቅ አልብሼ የምጠብቅ ሴት ሆኜ መኖር ስላቃተኝ ነው። ለአርሴማ "ማንም ሳያስገድዳት ራሷ ጻፈችው" በላት።

አሁን ወረቀቱ ሳያልቅ ስለ መብራቱ አንድ ነገር ልንገርህ። ከመብራቱ ሥር በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ብሎን እያት። አጠገቧ በቀይ የጥፍር ቀለም ሁለት ነጥብ አድርጌልሃለሁ። ብቻህን ስትሄድ የላይኛዋ ጋ፣ አርሴማን ስትጭን የታችኛዋ ጋ አድርሳት። ካቻቪቴ ብቻ ነው የሚያስፈልግህ፤ እኔ አላስፈልግም። ልጅ ስትወልዱና መሐላችሁ ሲቀመጥ ሦስተኛዋን ነጥብ ራስህ ፈልጋት። ግድግዳ ፊት አቁምና ሁላችሁም ተቀመጡ። ወደ እኔ አታምጡት፤ ለእሱ የሚሆን አንጀት የለኝም።

ይህን ደብዳቤ ሽማግሌዎቹን ይዘህ ለየኔታ አካለ ወልድ አንብብላቸው። ድንጋዩን ያላየኸው ልብህ ሌላ ቦታ ስለነበር እንዳልሆነ ይወቁ። መብራትህ ዛፍ ላይ ነበር፤ እዚያ የሰቀልሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስታነብላቸው እንደወደድሁህ የጻፍሁበትን ዝለለው ልልህ ነበር። እሸቱን፣ ሄልሜቱን፣ ሹሩባውን ተወው፣ እሱ ላንተ ብቻ ነው ልልህ ነበር። ከዚያ ደብዳቤውን እነሱን አውጥቼ አነበብሁት። የሚቀረው መብራት የምትሠራ አንዲት ሴት አንድ ቀን ሥራዋን ረሳች የሚል ነው። ትርሲት ሥራዋን እንደማትረሳ ከቢቸና እስከ ሞጣ የማያውቅ ባለሞተር የለም፤ የኔታ ጠይቀው ይደርሱበታል፤ ልታድነው ፈልጋ ነው ይሉና አያምኑህም። ለምን እንዳደረግሁት ካልሰሙ ጥፋቱ ካንተ ላይ አይወርድም። ስለዚህ አንዲት ቃል ሳትዘልል ሁሉንም አንብብላቸው።

ደህና ሁን።

ትርሲት ፈረደ
ቢቸና፣ የካቲት 19